የሳተላይት ፎቶና የሶፊ ድንጋይ፦ ባለሀብቱ ከፎቶው ምን ይገዛል?

አንድ ደላላ በቀለም ያሸበረቀ ትልቅ ወረቀት ጠቅልሎ ወደ አንድ የሐረር ነጋዴ ሱቅ ቢመጣ ምን ይከተላል? ወረቀቱ በሳተላይት የተነሳ የሶፊ ወረዳ ፎቶግራፍ ነው እንበል። ቀይ፣ ሐምራዊና ሰማያዊ ቀለም ተለቅልቆበታል። ደላላው በጣቱ አንድ ሰማያዊ ቦታ ይነካና «ይህ ሁሉ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ከላይ ታይቶ የተረጋገጠ ነው» ይላል። ነጋዴው የሚያውቀው ንግድ ጨርቃ ጨርቅ ወይም ጫት ሊሆን ይችላል። ሆኖም በሐረርና በድሬዳዋ ግንባታ እንዳለ፣ ድንጋይና ጠጠርም ገዢ እንደማያጡ ያውቃል። ገንዘቡን ያውጣ ወይስ ይያዝ?

መልሱ ፎቶው ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ከማወቅ ይጀምራል። በአጭሩ ለመናገር፣ የሳተላይት ፎቶ ገንዘብ የሚያተርፈው የት መቆፈር እንደሌለበት በመናገሩ ነው። የት እንደሚቆፈር፣ ከዚያም በላይ ከጉድጓዱ የሚወጣው ድንጋይ ስንት እንደሚሸጥ ግን አይናገርም። በዚህ ልዩነት መካከል የብዙ ሰው ካፒታል ሊቀር ይችላል።

ፎቶው የሚነሳው እንዴት ነው?

ሳተላይቱ የተሸከመው መሣሪያ እንደ ተራ ካሜራ የዓይን ብርሃንን ብቻ አይቀበልም። ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ የተባለ ብርሃን ጭምር በየሞገዱ ለይቶ ይመዘግባል። እያንዳንዱ ነገር የፀሐይን ብርሃን በራሱ መንገድ ይመልሳል። ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጥና ዓይን የማያየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ አብዝቶ ይመልሳል። ውኃ ኢንፍራሬዱን ከሞላ ጎደል ይውጠዋል፤ በመሆኑም ሐይቅ በፎቶው ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። የሸክላ አፈርና ሚካ በ2.2 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ፣ የኖራ ድንጋይ ደግሞ በ2.3 ማይክሮሜትር አካባቢ ብርሃን ይውጣሉ። ባለሙያው እነዚህን የተዋጡ ሞገዶች እየፈለገ በኮምፒዩተር ቀለም ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ደላላው የያዘው ወረቀት ላይ ያለው ሰማያዊ ቀለም የድንጋዩ መልክ ሳይሆን ባለሙያው የመረጠው ምልክት ነው። ሌላ ባለሙያ ያንኑ ቦታ ብርቱካናማ ሊያደርገው ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የዝርዝር ጉዳይ ነው። ፎቶው ፒክስል ከሚባሉ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች የተሠራ ነው። ላንድሳት የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች፣ የመጀመሪያው በሐምሌ 1964 ዓ.ም. የመጠቀ ሲሆን፣ አሁን የሚያነሱት አንድ ፒክስል በምድር ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር ይሸፍናል። የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 በዋና ዋናዎቹ ሞገዶች 10 ሜትር በ10 ሜትር ያነሳል። ይህን ወደ አገር ቤት መለኪያ እንመልሰው። የሐረር ጀጎል በግንቡ ውስጥ 48 ሄክታር ያህል ነው። በላንድሳት ፎቶ ላይ መላው ጀጎል፣ ከነመስጊዶቹና ከነገበያው፣ 530 በሚያህሉ ፒክስሎች ያልቃል። በሴንቲኔል ፎቶ 4,800 ይሆናሉ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉት የጀጎል መተላለፊያዎች በሁለቱም አይታዩም። አንድ ሄክታር የድንጋይ ካባ በላንድሳት 11 ነጥብ ብቻ ነው። በ11 ነጥብ ላይ ተመሥርቶ ባንክ ብድር ቢጠየቅ የብድር መኮንኑ ምን እንደሚል መገመት አይከብድም።

በሌላ በኩል ስፋቱ የሚያስገርም ነው። አንድ የላንድሳት ፎቶ በእያንዳንዱ ጎን ከ180 ኪሎ ሜትር ያላነሰ አገር ይይዛል። የሐረሪ ክልል በሙሉ የዚህ አንድ መቶኛ ያህል ነው። ሶፊን፣ ድሬዳዋንና የሐረማያን ሐይቅ አንድ ላይ አድርጎ ማየት ከተፈለገ ከዚህ የረከሰ ነገር አይገኝም።

ሶፊ ላይ ቢሠራበት

በሐረር ዙሪያ ያለው የድንጋይ አቀማመጥ ለፎቶ የሚመች ነው። በሸለቆዎቹ ውስጥ ጥንታዊው ግራናይትና ናይስ ይታያል። በላዩ አሸዋማ ድንጋይ፣ ከዚያም በላይ የኖራ ድንጋይ ተደራርቧል። ፎቶው ጥንታዊውን ድንጋይ ከኖራው በቀላሉ ይለያል። የሰማዩ ሁኔታም ያግዛል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ደመናው ያንሳል፣ ሣሩም ይደርቃል፣ ድንጋዩ ገላውን ያሳያል። በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ወርቅ በሚፈለግባቸው በወለጋና በአሶሳ አካባቢዎች፣ ጫካውና ጥልቁ አፈር ድንጋዩን ስለሚሸፍኑት ከላይ ማየት ብዙ አይረዳም። ከዚህ አንጻር የሐረርጌ ደረቅ ሸለቆ ዕድለኛ ነው ለማለት ይቻላል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ጃፓን የሠራችውና ከታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. ጀምሮ ቴራ በተባለው የአሜሪካ ሳተላይት ላይ ተጭኖ የመጠቀው አስተር የተባለው መሣሪያ ለማዕድን ፍለጋ ከሁሉ ይመረጥ ነበር። ሸክላንና ኖራን የሚለዩት ሞገዶቹ ግን በ2000 ዓ.ም. ተበላሽተው ቀሩ። ከዚያ በፊት የተነሱት ፎቶዎች አሁንም ያገለግላሉ፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮም በነፃ ይገኛሉ። ድንጋይ በ20 ዓመት አይለወጥምና አሮጌ መሆናቸው ለጂኦሎጂስቱ አያስጨንቅም። በተቃራኒው መንገዱን፣ ቤቱንና የጫት ማሳውን ለሚፈልግ ሰው አሮጌ ፎቶ ዋጋ የለውም።

እንግዲህ ፎቶው ሰማያዊውን ቦታ «ኖራ» ካለ በኋላ ነጋዴው ሊጠይቅ የሚገባው ምን ዓይነት ኖራ እንደሆነ ነው። ለሲሚንቶ የሚሆነው ካልሲየም የበዛበት ነው። ማግኒዥየም የበዛበት ዶሎማይት የሚባለው ድንጋይ ለሲሚንቶ አይሆንም፤ በሰፊው የሚሠራባቸው መመዘኛዎች በክሊንከር ውስጥ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃሉ። ሁለቱ ድንጋዮች ብርሃን የሚውጡበት ሞገድ ልዩነት በማይክሮሜትር መቶኛ የሚቆጠር ነው። አስተር ሁለቱንም በአንድ ሰፊ ሞገድ ውስጥ ጠቅልሎ ስለሚመዘግባቸው በእርግጠኝነት አይለያቸውም። ድሬዳዋ ያሉት የሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሚገዙት ድንጋይ በላቦራቶሪ የተመረመረውን እንጂ በወረቀት ሰማያዊ የሆነውን አይደለም። ለዚህ ደግሞ ናሙና በእጅ ተለቅሞ፣ በቁፋሮም ከየጥልቀቱ ወጥቶ መመርመር አለበት። ሳተላይቱ የሚያየው የምድሩን ቆዳ ብቻ ነው። የኖራው ውፍረት 2 ሜትር ይሁን 40 ሜትር ከላይ የሚታየው አንድ ዓይነት ነው።

ስለ ግራናይቱም ቢሆን እንዲሁ ነው። በሸለቆዎቹ ጥንታዊ ድንጋይ ውስጥ ፌልድስፓርና ሚካ የያዙ ነጭ ደም ሥሮች የሚገኙበት ሁኔታ አለ። ፌልድስፓር ለሴራሚክና ለጠርሙስ ይፈለጋል። ይሁን እንጂ ደም ሥሩ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሜትር ስፋት ብቻ ስላለው በ30 ሜትር ፒክስል ውስጥ ከጎረቤቱ ድንጋይ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። በዚያ ላይ ፌልድስፓርና ኳርትዝ በ2.2 ማይክሮሜትር አካባቢ ምልክት የላቸውም። የሚለዩት በሙቀት ሞገድ ነው፤ የአስተር የሙቀት ፒክስል ደግሞ 90 ሜትር ነው። ስለዚህ «ፌልድስፓር በሳተላይት ተገኝቷል» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ከሳተላይቱ ይልቅ በእግሩ ሄዶ ያየ ሰው እንዳለ መጠየቅ ይሻላል።

ታዲያ ፎቶው ለሶፊ ባለሀብት ምን ይጠቅመዋል? ብዙ ይጠቅመዋል፤ ጥቅሙ ግን ሰዎች ከሚጠብቁት ወገን አይመጣም። ጠጠር፣ አሸዋና የግንብ ድንጋይ ክብደታቸው ብዙ፣ ዋጋቸው ትንሽ ነው። አንድ ሲኖትራክ ድንጋይ በራሱ ከሚያወጣው ይልቅ የማጓጓዣው ወጪ ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ንግድ ውስጥ ከድንጋዩ ይልቅ ወሳኙ መንገዱ ነው። ፎቶው፣ ከመሬት ከፍታ መረጃ ጋር ተደርቦ፣ መኪና የሚገባበትን ቁልቁለት፣ ጎርፍ የሚቆርጠውን መሻገሪያ፣ ማሳና ቤት የሌለበትን ጎን በግልጽ ያሳያል። 10 ካሬ ኪሎ ሜትር በእግር ለማሰስ የሚጠፋውን ጊዜ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያሳጥረዋል። ከ20 አማራጭ ቦታዎች 15ቱን «እዚህስ መኪና አይደርስም» ብሎ መሰረዝ ትልቅ ትርፍ ነው።

ፎቶ መያዝ መብት መያዝ እንዳልሆነም መነገር አለበት። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ለአገር ውስጥ ባለሀብት የግንባታ ማዕድናትን ፈቃድ የመስጠት ሥልጣንን ለክልሎች ሰጥቷል። በመሆኑም የሶፊ ድንጋይ ጉዳይ የሚያልቀው በክልሉ ጽሕፈት ቤት እንጂ በደላላው ወረቀት ላይ አይደለም። በሶፊ ያለው ገበሬ ማሳም በወረቀቱ ላይ አንድ አረንጓዴ ነጥብ ይሁን እንጂ ባለቤት ያለው ይዞታ ነው፤ ካሳ ይጠይቃል።

የሐረማያ ምስክርነት

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ የሚታየው የሐረማያ ሐይቅ ስለ ፎቶ ቀን ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ሐረር ለረጅም ዘመን የምትጠጣው ከዚህ ሐይቅ ነበር። የላንድሳት ፎቶዎች በቅደም ተከተል ሲደረደሩ ሐይቁ ዓመት ከዓመት ሲያንስ ይታያል። ለጫትና ለአትክልት መስኖ በፓምፕ የሚሳበው ውኃ፣ ከኮረብታው የሚታጠበው ደለልና የከተሞቹ ጥማት ተባብረው በ1990ዎቹ ማብቂያ አካባቢ አድርቀውት ነበር። ከዚያ በኋላ ሐረር ውኃዋን ከድሬዳዋ ወገን ካለ የጉድጓድ ውኃ፣ ከቆላ ወደ ደጋ በፓምፕ እየተገፋ፣ እንድታገኝ ተደርጓል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ናቸውና የኤሌክትሪኩ ሂሳብ ቀላል አይደለም። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ደግሞ ውኃው ወደ ሐይቁ ተመልሷል።

ይህን ታሪክ ለነጋዴ የሚያስፈልገው በምን ምክንያት ነው ቢባል፣ በሦስት የተለያዩ ዓመታት የተነሱ ሦስት ፎቶዎች ስለ አንድ ቦታ ሦስት የተለያየ ነገር ይናገራሉ፤ አንዱ ሐይቅ፣ አንዱ የግጦሽ ሜዳ፣ ሌላው እንደገና ሐይቅ። ሦስቱም እውነት ናቸው። በውኃ ዳር ሆቴል ወይም የመስኖ እርሻ ለማቋቋም ያሰበ ሰው አንዱን ብቻ ቢያይ ገንዘቡ የት እንደሚደርስ ግልጽ ነው። ፎቶ ሲቀርብ ከመልኩ በፊት ቀኑ ይጠየቃል። በስልክና በኮምፒዩተር በነፃ የሚታዩት የምድር ፎቶዎች ከተለያዩ ዓመታት ተለቅመው የተሰፉ መሆናቸውን ብዙ ሰው አያስተውልም።

ዋጋውና ባለቤቱ

ድሮ ካርታ የመንግሥት ምስጢር ያህል ነበር። የአገሪቱ መሠረታዊ ካርታዎች በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካኖች ጋር በተቋቋመው የካርታ ሥራ ሚሲዮንና በኋላም በካርታ ሥራዎች ድርጅት፣ ከአውሮፕላን በተነሱ ፎቶግራፎች ተሠርተዋል። ይኸው ድርጅት ስሙ ተለዋውጦ ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ውስጥ ተጠቃሏል። ኢትዮጵያ የራሷን የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ አንድን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና አስወንጭፋለች። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነው ይህ ሳተላይት ለ2 ዓመት አገልግሎት የታሰበ ነበር። ፎቶው ለግብርናና ለደን ሥራ የሚበቃ ዝርዝር ነበረው፤ ለካባ ድንጋይ ፍለጋ ግን አልታሰበም።

የላንድሳት መዝገብ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለማንም በነፃ ነው። የሴንቲኔልም እንዲሁ። ስለዚህ በነፃ የሚወርድ ፎቶ አትሞ በውድ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው ፎቶውን ሳይሆን ቀለሙንና ወረቀቱን ነው። ዋጋ የሚገባው የጂኦሎጂስቱ ትርጉምና በእግሩ ሄዶ ማረጋገጡ ነው። ከግማሽ ሜትር በታች ያለውን የሚያሳዩት የግል ኩባንያዎች ሳተላይቶች በካሬ ኪሎ ሜትር እየተሰላ በዶላር ያስከፍላሉ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ሂሳብ ለአነስተኛ ካባ ባለቤት አይቀመስም። ለእርሱ ነፃው ፎቶ፣ የጂኦሎጂካል መሥሪያ ቤቱ ካርታና የአንድ ጂኦሎጂስት የጥቂት ቀናት አበል ይበቃዋል።

ምድር ስትንቀሳቀስ

እስካሁን ስለ ድንጋይ ተነገረ። የሐረር ነጋዴን በቶሎ የሚነካው ግን ሌላ ነው። የሐረርና የድሬዳዋ ዕቃ ከአዲስ አበባ የሚመጣውና የሚሄደው በስምጥ ሸለቆው አቋርጦ፣ በመተሐራና በአዋሽ በኩል ነው። እዚያ ምድሪቱ አታርፍም።

ይህን የሚለካው ሌላ ዓይነት ሳተላይት ነው፤ ራዳር ይባላል። የራሱን ሞገድ ወደ ምድር ልኮ የሚመለሰውን ይቀበላል፤ ሌሊትና ደመና አያግደውም። በአንድ ቦታ ላይ በሁለት የተለያዩ ቀናት የተነሱ የራዳር ፎቶዎች ሲነጻጸሩ፣ መሬቱ በመካከሉ በጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ዝቅ ማለቱ ይታወቃል። የአውሮፓው ሴንቲኔል 1 ሞገድ 5.6 ሴንቲሜትር ያህል በመሆኑ፣ በውጤቱ ላይ የሚታየው እያንዳንዱ የቀለም ክብ 2.8 ሴንቲሜትር እንቅስቃሴን ያመለክታል። አንዱ ሳተላይት በአንድ ቦታ ላይ በየ12 ቀኑ ይመለሳል።

የዚህ መሣሪያ ኃይል በኢትዮጵያ የተመሠከረው በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል መስመር ላይ ቅልጥ አለት ከምድር በታች ሰርጎ ገብቶ፣ መሬቱን እስከ 8 ሜትር ድረስ ወደ ጎን ከፈለው። በዚያ በረሃ ይህን የሚለካ ሰው አልነበረም፤ ኢንቪሳት የተባለው ሳተላይት ለካው።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ነገሩ ወደ መንገዱ ቀረበ። በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል የመሬት መንቀጥቀጥ ተደጋገመ። ታኅሣሥ 26 ቀንና የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. የደረሱት ከትልልቆቹ መካከል ነበሩ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀየው ተነሣ፤ ስለ ከሰም ግድብም ሥጋት ተነገረ። የራዳር ፎቶዎቹ እንዳሳዩት ቅልጥ አለቱ ከፈንታሌ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ዶፈን አቅጣጫ እየሰረገ ነበር። በገበያው ውስጥ ግን በዚያ ሰሞን እሳተ ገሞራው መንገዱን ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ በስልክ ሲዛመት፣ እንቅስቃሴው ወዴት እንደሚያመራ የሚያሳየው መረጃ በተመራማሪዎች ዘንድ ነበረ። ወሬና መረጃ በአንድ ፍጥነት አለመጓዛቸው ለነጋዴ ዋጋ አለው። ዕቃ ያከማቸ፣ የጭነት ኪራይ የጨመረ፣ ጉዞ የሰረዘ ሁሉ ሂሳቡን የሠራው በወሬው ነው።

ፈንታሌ ሥር ያለው የበሰቃ ሐይቅ ሌላው ጉዳይ ነው። ከ60 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ይህ ጨዋማ ሐይቅ ከ40 በላይ ሆኗል። መንገዱና ባቡሩ በአጠገቡ ያልፋሉ። ሐረማያ ሲጠፋ በሰቃ ሲሰፋ፣ ሁለቱንም በአንድ የላንድሳት መዝገብ ማየት ይቻላል።

ጎርፍም ከዚህ አይለይም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ የደቻቱ ወንዝ በድሬዳዋ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ዝናቡ የዘነበው ከከተማው ላይ ሳይሆን ከላይኛው ደጋ ነበር። በ1992 ዓ.ም. በአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን የተለካው የመሬት ከፍታ መረጃ በነፃ ስለሚገኝ፣ አንድ መጋዘን ሊሠራበት የታሰበ ቦታ ከበስተላዩ ስንት ካሬ ኪሎ ሜትር ውኃ እንደሚሰበስብ በኮምፒዩተር ማስላት ይቻላል። መሬት በርካሽ ሲቀርብ፣ ሸለቆ ዳር ሲሆን፣ ርካሽ የሆነበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር የፈነዳው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ አመድ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ደርሶ የአውሮፕላን በረራዎችን ሲያስተጓጉል፣ መንገዱን ሰዓት በሰዓት የተከታተሉት ሳተላይቶች ናቸው። አየር መንገዶች ያንን መረጃ በሰዓታት ውስጥ ተጠቅመው በረራ አዘዋውረዋል። በአዋሽ መስመር የሚሠሩ የጭነት ማኅበራትና የመድን ድርጅቶች ተመሳሳይ ልማድ ቢጀምሩ ወጪው እምብዛም ነው፤ የመሬት መንቀጥቀጡን መረጃ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚከታተል የጂኦፊዚክስ ተቋም አለ። በመተሐራ ወይም በአዋሽ መጋዘን ያለው ነጋዴ ግን እስከዚያው የመድን ውሉን አውጥቶ ማንበብ ይችላል። የእሳት አደጋ ዋስትና የመሬት መንቀጥቀጥን የሚሸፍነው ብዙውን ጊዜ በተጨማሪ ክፍያ ነውና፣ ያ ተጨማሪ መስመር በውሉ ላይ ተጽፎ እንደሆነ ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።